ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት አልጋ

ቤታችሁ ቡፌ ውስጥ ያልተከፈተ ውስኪ አለ? የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ ነው። አንዱ ለልጅ ምርቃት የመጣ፣ ሌላው በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የገባ፣ ሦስተኛው ከሠርግ የተረፈ። በየበዓሉ አቧራው ይወለወላል፣ እንግዳ ሲመጣ በመስታወቱ በኩል ይታያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፋል። ምን ምን እንደሚል የሚያውቅ ግን የለም። “ጥሩ ውስኪ ነው” እንላለን፤ ጥሩነቱን የነገረን ዋጋው ነው።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሥራዬ የቡና ሽያጭና ማስተዋወቅ ነው። ዲላ ተቀምጬ የጌዴኦን ቡና ለገዢ የማስተዋውቅ፣ ስለ ጣዕም በቀን ብዙ ጊዜ የማወራ ሰው ነኝ። መቅመስ ማለት ምን እንደሆነ በቅጡ የገባኝ ግን ባለፈው ገና፣ ኮቸሬ ወረዳ ባለው የወላጆቼ ቤት፣ ሁለት የካናዳ ውስኪዎች ፊት ተቀምጬ ነው። ያስተማሩኝ ደግሞ የአልኮል ጠብታ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ አባቴ ናቸው። ትምህርቱ በነጻ አልነበረም፤ ክፍያውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ካናዳ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። ለበዓሉ ሲመጣ ከልብስና ከቸኮላት መሃል ሁለት ጠርሙስ አወጣ። እማዬ ደነገጠች። “በዚህ ቤት? የጸሎት ቤት ሰዎች እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ሲመጡ ምን ልንል ነው?” ጌዴኦን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ አማኝ ነው፣ መጠጥ በየቤቱ አይገኝም። አጎቴ ሳቀና “እኔ ብቻዬን ልቀምሰው ነው፤ ጠርሙሱንም ይዤው እሄዳለሁ” አላት። አንደኛው ጠርሙስ የገባበትን ሐምራዊ የከፋይ ከረጢት ስታይ ግን ቁጣዋ በረድ አለ። ወርቃማ ማሰሪያ አለው። ዛሬ የእቁብ ብሯ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ከረጢቱ የክራውን ሮያል ነው። ይህ ውስኪ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛና ንግሥቲቱ ካናዳን ሲጎበኙ ለክብራቸው ነው። ሐምራዊው ከረጢትና ዘውዱ ከዚያ የመጡ ናቸው። ሁለተኛው ፎርቲ ክሪክ ይባላል፤ ግሪምስቢ በምትባል የኦንታርዮ ከተማ የሚሠራ ነው። መሥራቹ ጆን ሆል ውስኪ ጠማቂ ከመሆኑ በፊት የወይን ጠጅ ባለሙያ ነበር። አጎቴ ያመጣው ዓይነት በእንጨት በርሜል ከቆየ በኋላ፣ ቀድሞ ፖርት የሚባለው ጣፋጭ ቀይ ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ተጨምሮ የከረመ ነው።

“ልዩነታቸው ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። አጎቴ ትከሻውን ነቀነቀ። “ሁለተኛው ይወደዳል” አለኝ። ቡፌያችንን አስታወሰኝ።

ነገሩን ስንመረምር ይህን ተረዳን። በካናዳ ሕግ አንድ መጠጥ “የካናዳ ውስኪ” ለመባል ከእህል ተጠምቆ፣ እዚያው ካናዳ ውስጥ ተጣርቶ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። አብዛኛው የካናዳ ውስኪ ቅልቅል ነው። በቆሎው፣ ራይ የሚባለው እህልና ገብሱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይጣራሉ፣ ለየብቻ በርሜል ይገባሉ፣ ሲበስሉ ባለሙያው ይቀላቅላቸዋል። አንዱ ለስላሳ መሠረት ይሆናል፤ ሌላው እንደ ቅመም ሽታና ኃይል ይሰጣል። ቅልቅል ሲባል እኛ ጆሮ ውስጥ የተበረዘ፣ የተጭበረበረ ነገር ይመስላል። እዚያ ግን ቅልቅል ትልቅ ሙያ ነው፤ የዘንድሮው ጠርሙስ የዓምናውን እንዲመስል የሚያደርገው እሱ ነው። እናታችን በርበሬ ስታዘጋጅ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን ለየብቻ አድርቃ በመጨረሻ እንደምታዋህደው ማለት ነው።

በወይን በርሜል ማክረም ደግሞ ሌላ ነው። የወይን በርሜል እንጨት ለወራት ወይም ለዓመታት ወይኑን ሲጠጣ ኖሯል። ውስኪው ሲገባበት እንጨቱ የጠጣውን መልሶ ይሰጠዋል። አጎቴ ይህን ሲያስረዳ እማዬ ከጓዳ ሆና “ታዲያ ይኼ የወተት ዕቃ አይደለም እንዴ?” አለች። ልክ ነበረች። ቅሉን በወይራ ጭስ አጥኖ ወተት የሚጨምርበት፣ ጋኑን አጥኖ ጠላ የሚጠነስስ አገር ሰው ዕቃው ጣዕም እንደሚሰጥ ከካናዳ መስማት አያስፈልገውም። እኛ በጭስ እናደርገዋለን፣ እነሱ በወይን።

ከዚያ መሥሪያ ቤት የለመድኩት ነገር ትዝ አለኝና “ሳናይ እናወዳድር” አልኩ። ብርጭቆ አልፈለግንም፤ የቡና ስኒ በቂ ነው። አፉ ጠበብ ስለሚል ሽታ ይሰበስባል። እማዬ ጓዳ ገብታ አራት ስኒ ላይ ቀዳች፤ ሁለቱ ከአንዱ ጠርሙስ፣ ሁለቱ ከሌላው። ከሥራቸው በእርሳስ ምልክት አደረገች። የትኛው የቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እናንተም ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ አካሄዱ ቀላል ነው። ቀለሙን አትመኑ፤ በካናዳ ሕግ ካራሜል ለቀለም መጨመር ስለሚፈቀድ ጠቆር ያለ ሁሉ የቆየ አይደለም። አፍንጫችሁን ስኒው ውስጥ አትክተቱ፤ 40 በመቶ አልኮል ያቃጥልና ማሽተቱን ያቆማል። ከአገጭ ፊት ይዛችሁ አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ ተንፍሱ። ጥቂት የውኃ ጠብታ ስትጨምሩ የተደበቀው ሽታ ይወጣል። ስትቀምሱም ምላስ የምታርስ ያህል ብቻ ውሰዱ፤ በአንዱና በሌላው መሃል ውኃ ጠጡ። ዋናው ነገር አንድን ነገር ብቻውን ስትቀምሱ “ጥሩ ነው” ከማለት አታልፉም፣ ሁለት ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አፍ ይፈታል።

የእኔ አፍ እንዲህ ተፈታ። አንደኛው ስኒ ለስላሳ ነው፤ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ በስተመጨረሻ እንደ ቅርንፉድ ያለ ትንሽ ቁጣ። ሁለተኛው ወፈር ይላል፤ ዘቢብ፣ ቴምር፣ የደረቀ ፍሬ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ተምታታብኝ፣ አራተኛውን ገመትኩ። አጎቴም ከአራቱ ሁለቱን ሳተ። ለዓመታት ሲጠጣው የኖረ ሰው!

አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩ። በመጨረሻ “አልጠጣም፤ ማሽተት ግን ኃጢአት አይመስለኝም” አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እማዬ ተቆጣች፣ እኛ ሳቅን። አራቱንም ስኒዎች አንድ በአንድ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው መለሱ። አልቸኮሉም። ከዚያ ሁለቱን ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ ገፉ። “እነዚህ እህል እህል ይላሉ፤ የተቆላ በቆሎ። እነዚህኞቹ ላይ ደግሞ የሌላ ዕቃ ሽታ አለባቸው። እንደ ቆየ ብርዝ ነው” አሉ።

እማዬ ስኒዎቹን ገልብጣ ምልክቶቹን አየች። አራቱንም አግኝተዋል።

እኔን ያስገረመኝ ማግኘታቸው ብቻ አይደለም፤ ቃላቸው ነው። እኔ “ቫኒላ” ያልኩት የሰው ቃል ነው፤ በሥልጠና ላይ ከተሰጠኝ የጣዕም ገበታ የሸመደድኩት። እሳቸው ከጓዳቸው ያወጡትን ቃል ተጠቀሙ። ዕድሜ ልካቸውን እሸት ቡና ሲያሸቱ፣ ቆጮው ደርሶ እንደሆነ በሽታው ሲለዩ፣ ዝናብ ሲመጣ በነፋሱ ሲያውቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ አፍንጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልጃቸው ቆማ ያየችው ገና ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልውሰዳችሁ፤ ውስኪው የነካው የእኔን ቁስል እዚያ ነውና።

የይርጋ ጨፌ ቡና የሚባለው በጌዴኦ ደጋማ መሬት፣ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አብሮ የሚያኖረውን ይህን የአስተራረስ ጥበብ ጭምር ዓይቶ ነው። ይህ ቡና በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው የታጠበ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ይፈለፈላል፣ ውኃ ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ገደማ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በአልጋ ላይ ይደርቃል። አልጋ ስል በእንጨት እግር ላይ የተወጠረ የሽቦ ወይም የሸራ መረብ ነው፤ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው። የታጠበ ይርጋ ጨፌ ንጹሕ ነው፤ ሎሚ፣ አበባ፣ ቀጭን ሻይ ይሸታል።

ሁለተኛው ያልታጠበው ነው። ቀዩ ፍሬ ከነገላው አልጋ ላይ ይሰጣና ጀንፈል እስኪሆን ሦስት አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ፍሬው በራሱ ገላ ውስጥ እየደረቀ ጣፋጩን ይወስዳል። ከዚህ የሚወጣው ስኒ እንጆሪ፣ የበሰለ ኮክ፣ አንዳንዴም ወይን ወይን ይላል። ውስኪው የወይን በርሜል ያስፈልገዋል፤ የእኛ ቡና በርሜሉን ለብሶት ነው የሚወለደው።

አባዬ እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ እሸታቸውን ለቅመው ያኑኑ ቀን ለማጠቢያ ጣቢያ ይሸጡ ነበር። ገንዘቡ ወዲያው ይገኛል፣ ስጋት የለውም። ባለፈው ኅዳር “ዘንድሮ 600 ኪሎ እሸት አስቀሩና በአልጋ አድርቁት” ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ የምሠራበት ድርጅት በአካባቢው ካሉ ገበሬዎች ደረቅ ቡና ሰብስቦ ምንጩ እየተጠቀሰ ለውጭ ገዢ ሊያቀርብ ነበር። ዋጋው ከእሸቱ ይሻላል። አባዬ ብዙ አልጠየቁም። “ሦስት አልጋ ያስፈልጋል” ብቻ አሉ። የአልጋው መረብና እንጨት የሚገዛው ከእኔ ኪስ ነበር። የተማርኩት ንግድ አይደል? “ወጪ እንቀንስ፤ ሁለት ይበቃል” አልኩ።

በመጀመሪያው አልጋ ላይ 240 ኪሎውን በሁለት ጣት ውፍረት ሰጡት። የቀረው 360 ኪሎ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተከመረ። ቀን ቀን በእጅ ይገለበጣል፣ ማታ ይሸፈናል። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያው አልጋ ተረፈ። ሁለተኛው ከሥሩ ሞቀ።

እንግዲህ የገና ማታ፣ ውስኪው ከተሸተተ በኋላ፣ አባዬ ባትሪ ይዘው ወደ አልጋዎቹ ወሰዱኝ። ከሁለተኛው አልጋ አንድ እፍኝ አንስተው “ሽተች” አሉኝ። ሸተትኩ። ጠንከር ያለ፣ የተብላላ ሽታ አለው። ደስ አለኝ! “አባዬ፣ ይኼኮ አሁን ያሸተቱት ውስኪ ነው፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ወይናማ የሚባለው ይኼ ነው” አልኳቸው። አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያኛው ዕቃው የሰጠው ሽታ ነው፤ ይኼ ግን ከራሱ የታመመ ነው።” ተከራከርኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። ቡናው ሲደርቅ ግን የሁለቱን አልጋ በተለያየ ጆንያ ለየብቻ አስቀመጡት።

በየካቲት ወር ናሙናው ዲላ ሲመጣ አባዬን ይዤ መጣሁ። ለአርባ ዓመት ያህል ቡና የሸጡ ሰው የቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ፊት ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ይህ የእሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም። ለረጅም ዘመን በአገራችን ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ሆኖ ቆይቷል፤ እኛ ጀበናችን ውስጥ የምንጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የተረፈውን ነው። አምራቹ ከእጁ የወጣውን ምርጥ ቡና ምን ምን እንደሚል ሳያውቅ ያረጃል።

ቅምሻው እንዲህ ነው። ናሙናው ቀለል ተደርጎ ይቆላል። ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይደረደራል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8 ግራም ከሩብ ገደማ የተፈጨ ቡና። መጀመሪያ ደረቁ ይሸተታል። ከዚያ ከመፍላት ዝቅ ያለ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ውኃ ይፈስበታል፤ አራት ደቂቃ ይጠበቃል። ከላይ የሚሠራው ቅርፊት በማንኪያ ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ዋናው ነው። ትንሽ ሲበርድ በማንኪያ እየተማገ ይቀመሳል፤ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም። አምስት ስኒ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? አንድ የተበላሸ ፍሬ በአንዱ ስኒ ውስጥ ገብቶ በሌላው ላይገኝ ስለሚችል ነው። ነጥቡ ከ100 ይሰጣል፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ይባላል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ናሙናዎች ነበሩ፤ ከአካባቢያችን የታጠበ ቡና፣ የመጀመሪያው አልጋና ሁለተኛው አልጋ። የትኛው የቱ እንደሆነ አልተጻፈም። ቀማሹ ገና ውኃ ሳያፈስስ፣ ደረቁን ብቻ እያሸተቱ ሲያልፉ፣ አባዬ ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ቆሙ። “ከታች ያለው አልጋ ይኼ ነው” አሉ። ውኃው ፈሰሰ፣ ቅርፊቱ ተሰበረ። የታጠበው ሎሚና አበባ አለ። የመጀመሪያው አልጋ ኮክና ማር አለ፤ ቀማሹ ፈገግ ብሎ ማንኪያውን ደገመ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሦስት ስኒ አልፎ አራተኛው ላይ ፊቱ ተጨማደደ። ኮምጣጤ። አምስተኛውም እንዲሁ።

ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ የገባኝ ነገር አለ። ወይናማ ማለትና የኮመጠጠ ማለት በሽታቸው ጎረቤታሞች ናቸው። መለየት የሚችለው ጎን ለጎን ያስቀመጠና ለማመን የፈለገውን ሳይሆን ያለውን የሚያሸት ነው። እኔ ኮቸሬ ላይ ያሸተትኩት ቡናውን አልነበረም፤ ልሸጠው ያሰብኩትን ታሪክ ነበር።

አሁን ወደ ክፍያው መጣን። ሁለተኛው አልጋ ሲፈለፈል 60 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ጆንያ። ለብቻው ከሄደ ለአገር ውስጥ ገበያ በርካሽ ይሸጣል። ልዩነቱ የታናሽ እህቴን የአንድ ሴሚስተር የኮሌጅ ወጪ ያህላል። ከሌሎቹ ገበሬዎች ቡና ጋር ከተቀላቀለ ግን ማን ያውቀዋል? ሎቱ ብዙ ጆንያ ነው። ከዚያ ሁሉ አንድ ጆንያ ቢገባ የቅምሻ ጠረጴዛው ላይ ላይታይ ይችላል። ናሙና የሚወጣው በዕድል ነው።

ላልዋሻችሁ፤ አሰብኩት። ማሰብ ብቻም አይደለም፣ ወደ ቤት ስንመለስ ለአባዬ ተናገርኩት። የወናጎን መንገድ ይዘን እየሄድን ነበር። “ውስኪውንኮ ይቀላቅሉታል አባዬ፤ ቅልቅል ሙያ ነው ተብሎ የለ?” አልኩ። በቀልድ መልክ ነው ያመጣሁት፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

አባዬ ይርጋ ጨፌ እስክንደርስ መልስ አልሰጡኝም። ከዚያ “አጎትሽ እንደነገረን እነዚያ ሰዎች ደህናውን ከደህናው ጋር ነው የሚያዋህዱት። አንቺ የምትዪው የታመመውን በጤነኞች መሃል ማስተኛት ነው። ጤነኞቹ የእኔ አይደሉም፤ የጎረቤቶቼ ናቸው” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “አልጋው ሦስት ይሁን ብዬ ነበር” ሲሉ ጨመሩ። በዚያ ጉዳይ ላይ የወቀሱኝ ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም ከተማዋ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳየው የማስተዋውቀው ነገር ምን እንደሆነ አስታወሰኝ። አገራችን ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ስትታገል፣ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ ዓለም ያወቀው ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ካናዳም የውስኪዋን ስም በሕግ ታስከብራለች። ስም ግን በሕግ ብቻ አይጠበቅም። ሕግ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ማንም የማያየው የጆንያ አፍ። እዚያ ስሙን የሚጠብቀው ጆንያውን የሚሰፋው ሰው ነው።

የመጀመሪያው አልጋ ቡና፣ 40 ኪሎ የማይሞላው፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሄደ። ሁለተኛው በርካሽ ተሸጠ። የእህቴን ሴሚስተር እኔ ከፈልኩ፤ ላስቲክ ጫማ ሳይሆን አልጋ ላይ ቆጥቤ ያጠፋሁትን ገንዘብ እየቆጠርኩ። ለእሷ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ አሁን ታነበዋለች።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው ይኼን ነው። ያንን ቡፌ ክፈቱት። ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ አይበስልም፤ የሚበስለው በርሜል ውስጥ እያለ ነው። አሥር ዓመት ተቆልፎ ቢቀመጥ ስም እንጂ ጣዕም አይጨምርም። የምትጠጡ ከሆነ በልክ፣ ከሌላ ዓይነት ጋር ጎን ለጎን፣ ዋጋውን ሳታዩ ቅመሱት። የማትጠጡ ከሆነም ግድ የለም፤ ቤታችሁ ሁለት ዓይነት ቡና አይጠፋም። በሚቀጥለው እሑድ የታጠበና ያልታጠበ ግዙ፣ በእኩል ቆልታችሁ፣ በሁለት ጀበና አፍሉ። ስኒዎቹን አንድ ሰው ይቅዳ፣ ሌላው አይይ። ልጆቻችሁን አሽትቷቸው። “ምን ምን ይላል?” ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ከገበታ አትፈልጉ። ኮክ ይበሉ፣ እንጆሪ ይበሉ፣ የአያቴ ቤት ይበሉ። ቤት ውስጥ ካሉት አዛውንት ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠየቃቸው አፍንጫ ያለው እዚያ ነው።

አጎቴ ወደ ካናዳ ሲመለስ ቃሉን ጠብቆ ጠርሙሶቹን ይዞ ሄደ። በምትካቸው አባዬ ከመጀመሪያው አልጋ ያስቀሩትን ሁለት ኪሎ ቡና ሰጡት። ባለፈው ሳምንት ደወለ። ለሥራ ባልደረቦቹ አፍልቶላቸው “ወይን ወይን ይላል” እንዳሉት ለአባዬ ነገራቸው።

“አይ” አሉት አባዬ። “ብርዝ ነው የሚለው።”

ዘንድሮ አልጋው ሦስት ነው። የሦስተኛው መረብ ትናንት ተገዝቷል።